ጉዳዩ፦ ሚዜነት

ሰብልዬ፣

መጀመሪያ ስድብሽን ጨርሺ። ጨረስሽ? በቃ፣ ይቅርታ። ዝም ያልኩት ሠርግሽ ሳያስደስተኝ ቀርቶ አይደለም። እልል ብያለሁ፣ ጎረቤቴ ግድግዳ እስኪደበድብ። «ሚዜዬ ነሽ፣ አለቀ» ስትዪ ግን ምላሴ ታሰረ። ሌላው ወሬ ይቆየን፤ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

ያኔ ዓይኔን ሲያመኝ «ድካም ነው» ያልኩሽ ድካም አልነበረም። መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው፤ እዚህ ኤምኤስ ይሉታል። የሰውነቴ መከላከያ የገዛ ነርቮቼን ሽፋን ጠላት ብሎ ያጠቃዋል። አትደንግጪ፣ ልሞት አይደለም። እማዬ «የፈረንጅ በሽታ» ትለዋለች። ብዙም አልተሳሳተች፤ ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ነው የሚበዛው።

የሚያናድደኝ ቀጠሮ አለማወቁ ነው። ወራት ደህና እሆናለሁ፤ እረሳዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ወተት ልገዛ ወጥቼ አንድ እግሬ ባዶ መሆኑን ያየሁት ሊፍት ውስጥ ነው። ነጠላ ጫማዬ ወልቆ ኮሪደሩ ላይ ቀርቷል፤ እግሬ አልነገረኝም! እንግዲህ መጠበቅ ነው። መደንዘዙ 24 ሰዓት ካለፈው አገርሽቶብኝ ይሆናል፣ ሐኪም ጋ ይደወላል። ቶሎ ከተወኝ ሙቀት ወይም ድካም ቀስቅሶት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ውስጥ እግሬን በጥፍሬ እየቧጨርኩ አደርኩ። ተሰማኝ? አልተሰማኝም? እሑድ ጠዋት ተመለሰልኝ፤ ቅዳሴው ግን አመለጠኝ። በኋላ ያገኘኝ ሁሉ «ጠፋሽ! ግን ደህና ትመስያለሽ» ይለኛል። እውነታቸውን ነው፣ እመስላለሁ። እሱ ነው የሚያበሽቀኝ።

ኦክሬሊዙማብ የሚባል መድኃኒት በየ6 ወሩ በደም ሥሬ ይሰጡኛል። ማገርሸቱን ይቀንሳል፤ መቼ እንደሚያገረሽ ግን ማንም አይነግረኝም። ሙቀት ደግሞ ጠላቴ ነው። በሙቅ ውሃ ከታጠብኩ ግራ ዓይኔ ይደበዝዛል፤ ቀዝቀዝ ስል ይመለሳል። ሰበብ እንዳትዪው፤ ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 ጽፎታል። እማዬ «እንጦጦ ጠበል ግቢ» ስትለኝ አልከራከራትም፤ ቀዝቃዛ ነው። አንቺ ግን ቅልቅሉን ድሬዳዋ! በሚያዝያ! የደሴ ወንድ ጠፍቶ ነው?

እና... እንዴት ልበልሽ። መልሴ እሺ ነው። ቀኑ የሚቀየር ትኬት እቆርጣለሁ። ግን በዋዜማው ተነስቼ «አልቻልኩም» ብልሽስ? ትቀየሚኛለሽ፣ አውቅሻለሁ። ቢያንስ ሠርጉ እስኪያልፍ ጠብቂ። ለያቺ የአክስትሽ ልጅም እንደ እኔ የሚዜ ቀሚስ አሰፊላት፤ ከመጣሁ አብረን እንቆማለን፣ ከቀረሁ ቦታዬን ትያዝ። ወንዶቹ በቁጥር ከበለጡን ደግሞ አንዱ ቁጭ ብሎ ይብላ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከበሽታው በላይ የፈራሁት «እሺ» ብዬ ማጉደሉን ነው። ለዚህ ነው ስልኩን ስገለብጠው የከረምኩት።

ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት፤ በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ ስለት ይሳልልኛል። ድሬ ላይ ኤሲ ያለው መኪና የእኔ ነው፤ ሙሽራው እንደፈለገ ያልበው። ታኮ ጫማ አላደርግም፣ በዚህ አልደራደርም። የጨርቁን ፎቶ ዛሬውኑ ላኪልኝ። ያ ወይን ጠጁ ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ያንቺዋ ጥፉ