ጊታሩን ከአልጋ ስር አውጣው

ናቲዬ እንዴት ነህ፣ እማዬስ፣ የአባዬ እግር እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ባለፈው ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አላስወራን ስላለ ነው በጽሁፍ የመጣሁት፣ ረዘም ይላል ግን እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ለእማዬም የሚሆናትን እየመረጥክ አንብብላት።

እማዬ ሁሉንም ነግራኛለች። ያ አቀናባሪ ዜማህን ሰምቶ "ይሄ የሰው ዘፈን ነው፣ እጄን አላስገባም" ብሎ መለሰህ አሉ፣ አንተም ከዛ ወዲህ ጊታሩን አልጋ ስር ከተህ ቤት ውስጥ እየተነጫነጭክ ነው። ሰውዬውን አላውቀውም፣ ጆሮው ልክ ሊሆንም ይችላል። ግን "ይመስላል" የምትለዋ ነገር እንዲህ በአንድ አፍ ተነግራ የምታልቅ አይደለችም ናቲ። እንደምታውቀው ስራዬ ፓርኪንግ ካሸር ነው፣ ሌሊት መኪና ሲጠፋ የሚያጫውተኝ ሬድዮ ብቻ ነው፣ የምሰማው ጣቢያ ደግሞ የድሮ የፈረንጅ ዘፈን ብቻ ሲለቅ ያድራል፣ እና ቀስ በቀስ አንዱ ከአንዱ ሲመሳሰልብኝ ስልኬ ላይ እየገባሁ ማን ማንን ከሰሰ፣ ማን ረታ እያልኩ ማንበብ ለመድኩ፣ አሁንማ ጠበቃ መሆን ነው የቀረኝ። (ዓመት ስጠራልህ በፈረንጅ ነው።)

የጆርጅ ሃሪሰንን ታሪክ ታውቃለህ? ቢትልስ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታሪስት። ቢትልስ ሲበተን፣ 1970 ላይ፣ ማይ ስዊት ሎርድ የሚል ዘፈን አወጣ፣ ለአምላክ የተዘፈነ ነው፣ ዓለምን አዳረሰ። ከሱ በፊት ደግሞ በ1963 ቺፎንስ የሚባሉ የብሮንክስ ሴቶች ሂስ ሶ ፋይን ብለው ስለ አንድ ቆንጆ ልጅ የዘፈኑት አለ። ግጥሙ አይገናኝም፣ አንዱ ጸሎት አንዱ የሰፈር ፍቅር። ዜማው ግን ናቲ! እስቲ አሁኑኑ ሞክረው፦ ሶል ሚ ሬ፣ እሱን ደጋግመው፣ ቀጥለህ ሶል ላ ዶ ላ ዶ፣ እሱንም ደጋግመው። ሁለቱም ዘፈን በነዚህ ሁለት ቁራጮች ነው የተሰራው፣ ቅደም ተከተሉ ራሱ ያው ነው። የሂስ ሶ ፋይንን መብት የያዘው ካምፓኒ ከሰሰው። ነገሩ 1976 ላይ ኒውዮርክ ውስጥ ሪቻርድ ኦወን የሚባል ዳኛ ፊት ቀረበ፣ ዳኛው ደግሞ ራሱ ኦፔራ የሚደርስ ሙዚቀኛ ነበር፣ አይገርምም? ሃሪሰን "እኔ ያነሳሳኝ ኦ ሃፒ ዴይ የሚለው መዝሙር ነው፣ የነሱን ለመስረቅ አላሰብኩም" አለ። ዳኛውም አመነው፣ ሆን ብለህ አልወሰድክም አለው። ግን ያንን ዘፈን ድሮ ሰምተኸዋል፣ ሳታውቀው ውስጥህ ቀርቷል፣ በህግ ፊት ደግሞ ሳያውቁ መውሰድም መውሰድ ነው ብሎ ፈረደበት።

ከዛ በኋላ ያለው ደግሞ ጉድ ነው። አለን ክላይን የሚባል የሃሪሰን የድሮ ማናጀር አለ፣ ክሱ ሲጀመር ከሃሪሰን ጎን ሆኖ ሲደራደር የነበረ ሰውዬ ነው፣ ከተጣሉ በኋላ ሄዶ የከሳሹን ካምፓኒ በ587 ሺህ ዶላር ገዛው! የራሱን የድሮ ደንበኛ ከሳሽ ሆኖ ቁጭ። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ካሳውን አስልቶ ወደ 1.6 ሚሊዮን ዶላር አድርሶት ነበር፣ ግን 1981 ላይ ክላይንን በዚህ አካሄድህማ አታተርፍም ብሎት ሃሪሰን ክላይን ያወጣትን 587 ሺህ ብቻ ከፍሎ ዘፈኑን እንዲረከብ ወሰነ። የሂስ ሶ ፋይን ደራሲ፣ ሮኒ ማክ የሚባለው ወጣት ግን ዘፈኑ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ በህመም አርፎ ስለነበር ከዚህ ሁሉ ክርክር ምኑንም አላየም። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

በኔ አስተያየት የሃሪሰኑ ፍርድ ልክ ነበር፣ ምክንያቱም የተመሳሰለው ዜማው ራሱ ነው፣ ያለ ጊታር ያለ ድራም በአፍህ ብታንጎራጉረውም ያው ነው። የነሮቢን ቲክ፣ የዘፋኙ፣ ክስ ግን ይለያል። ብለርድ ላይንስ የሚለውን ታስታውሳለህ፣ 2013 ላይ የወጣውን፣ ሰርግ ላይ ሁሉ ሲጨፈርበት የነበረውን። የማርቪን ጌይ ልጆች ከአባታችን የ1977 ጋት ቱ ጊቭ ኢት አፕ የተወሰደ ነው አሉ፣ 2015 ላይ ሎስ አንጀለስ ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች 7.4 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላቸው፣ በኋላ ወደ 5.3 ዝቅ አለ፣ 2018 ላይ ይግባኙም ጸና። እኔ ሁለቱን ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ፣ ስሜቱ፣ ምቱ፣ ኋላ ያለው የፓርቲ ጫጫታ አዎ ይመሳሰላል፣ ዜማውን ግን አውጥተህ ለብቻው ካየኸው የተለያየ ነው። ከ200 በላይ ሙዚቀኞችም እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው የሚወደውን ዘመን ስታይል መጫወት ሊፈራ ነው ብለው ለይግባኝ ሰሚው ጽፈው ነበር፣ አልተሰሙም። እኔ የማርቪን ጌይ ነገር ነፍሴ ነው ግን ይሄኛውን አልተቀበልኩትም። አቀናባሪው አንተን ያስፈራራህ እንዲህ ባለው ነገር ከሆነ አትስማው።

ደግሞ እኮ ሁሉም ከሳሽ አያሸንፍም። ሌድ ዘፔሊን የሚባሉት የሮክ ባንድ ስቴርዌይ ቱ ሄቨን በሚለው ዘፈናቸው መግቢያ ተከሰው ነበር፣ ስፒሪት የሚባል ባንድ በ1968 ያወጣው ቶረስ የሚል ሙዚቃ ላይ ያው ቤዙ በኤ ማይነር ቀስ እያለ ግማሽ ግማሽ ድምጽ የሚወርድበት አለ። ስታዳምጣቸው ትደነግጣለህ፣ ዋ! ትላለህ። ግን ያ አወራረድ ከነሱ በፊት በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው ነው፣ የማንም አይደለም፣ እና 2016 ላይ ዘፔሊኖች ረቱ፣ 2020 ላይ ይግባኙም ተዘጋ። ኤድ ሺራን ደግሞ 2023 ላይ እዛው ኒውዮርክ ቲንኪንግ አውት ላውድ ከማርቪን ጌይ ሌትስ ጌት ኢት ኦን ተሰርቋል ተብሎ ቀረበ፣ ምስክር መስጫው ላይ ጊታር ይዞ ተቀምጦ ይሄ ኮርድ በስንት ዘፈን ውስጥ እንዳለ እየተጫወተ አሳያቸው፣ ነጻ ወጣ። የሴት አያቱ ቀብር ግን በዛ ክስ ምክንያት አመለጠው፣ እማዬ ይሄን ስነግራት በስልክ ከንፈሯን መጠጠች።

በጣም ያሳቀኝ የጆን ፎገርቲ ነው፣ ሰውዬው የተከሰሰው ራስህን ትመስላለህ ተብሎ ነው እኮ! የድሮ ዘፈኖቹን መብት የያዘው ካምፓኒ አዲሱ ዘፈንህ እኛ ጋ ያለውን የራስህን አሮጌ ዘፈን ይመስላል ብሎ ፍርድ ቤት ጎተተው፣ እሱም ጊታሩን ይዞ ገብቶ አሳይቶ በ1988 አሸነፈ። ታዲያ በማን ድምጽ ይዝፈን?

አሁን ወደኛ ልምጣ። ከላይ ሞክር ያልኩህን ኖታዎች ሰብስባቸው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ናቸው፣ ሜጀር ትዝታ እኮ ነው ናቲ! ሃሪሰንን ያስፈረደበት ዜማ በሙሉ አንተ ሌትና ቀን በምትቀጠቅጠው ቅኝት ውስጥ ነው ያለው። እና አስበው፣ እኛ በአምስት ድምጽ ነው የምንኖረው፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ አምስት አምስት ድምጽ ብቻ፣ ከስሩ ያው የችክችካ ምት አለ፣ እንዴት አይመሳሰል? ትዝታን ማህሙድም ዘፈነው፣ ብዙነሽም፣ በዛወርቅም፣ አስቴርም፣ ማንም ማንንም ሰረቅክ አላለም፣ ሁሉም የራሱን ግጥምና የራሱን እንጉርጉሮ ይዞ ነው የገባበት። የወሎ ልጅ በባቲ ቅኝት ዘፈንክ ተብሎ ከተወቀሰ ሽሮ መጀመሪያ የሰራሁት እኔ ነኝ ብሎ ጎረቤትን እንደመክሰስ ነው።

ግን ይሄን ስልህ ዝም ብለህ ልቀቀው ማለቴ አይደለም። ቅኝቱና ምቱ የሁላችንም ነው፣ አዝማቹ ላይ ያለችው ዜማ ግን ባለቤት አላት፣ በሀገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ከ1996 ጀምሮ አለ (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው)። ስለዚህ እንዲህ አድርግ። አቀናባሪውን በትህትና የትኛውን ዘፈን ነው የሚመስለው ብለህ ጠይቀው፣ ስሙን ካልነገረህ በቃ ተወው። ከነገረህ ያንንም ያንተንም ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ግጥም፣ በላላላ ብቻ ስልክህ ላይ ቅዳና ለእህታችን ልጅ አሰማት፣ እሷ ዘፋኙን ስለማታውቅ አታዳላም። ሁለቱን መለየት ካቃታት ነገሩ የዜማ ነው፣ ከለየቻቸው ደግሞ የቅኝት ነው፣ ሌላ አቀናባሪ ጋ ትሄዳለህ።

የዜማ ሆኖ ከተገኘም አትደብቀው። ሳም ስሚዝ የሚባለው እንግሊዛዊ ስቴይ ዊዝ ሚ የሚለው ዘፈኑ የቶም ፔቲን አይ ዎንት ባክ ዳውን መምሰሉ ሲነገረው ፍርድ ቤት ሳይደርስ ተስማሙ፣ ቶም ፔቲና አብሮት የጻፈው ጄፍ ሊን ስማቸው ገባ፣ 12.5 በመቶ ድርሻ ወሰዱ፣ ፔቲ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል ብሎ ምንም ቂም አልያዘም። ዘፈኑም ግራሚ በላ። አንተም ባለቤቱ በህይወት ካለ እሱን፣ ከሌለ ቤተሰቡን አፈላልገህ ጠይቅ፣ ስማቸውን ጻፍ፣ የሚከፈል ነገር ካለ ሳትፈራ ንገረኝ፣ በወሩ መጨረሻ ከምልከው ጋር አያይዤ እልካለሁ።

ላላላ ያልከውን በቴሌግራም ላክልኝ፣ እኔም ሌሊት ላይ እሰማዋለሁ፣ የሚመስለውን ዘፈን ስም ግን አብረህ እንዳትልክብኝ፣ መጀመሪያ ራሴ ልገምት። እማዬ የደም ግፊት መድሃኒቷን ከምግብ በኋላ ትውሰድ፣ አባዬን እግሩን ከፍ አድርጎ ይቀመጥ በለው። ለእትዬ ዘነቡና ለሰፈር ሰው ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህትህ ሰብሊ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ