ያለ ሰርግ፣ ያለ ለቅሶ

ይድረስ ለውድ እናቴና ለውድ አባቴ
ጎንደር

እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤውን ለምታነብላችሁ እህቴ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ አባባን የሚመለከተው ቦታ ላይ ስትደርሺ ፊቱን አይተሽ እንዳትዘይው።

እማዬ፣ ወደ ተራራ ከተማ ልንሄድ ነው ብዬ በስልክ ስነግርሽ መጀመሪያ ያልሽኝ "ማን ሞቶባችሁ ነው?" ነበር። ማንም እንዳልሞተ ስነግርሽ "ታዲያ የማን ሰርግ ነው?" አልሽ። አልፈርድብሽም። በእኛ ቤት ሻንጣ የሚነሳው ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለተዝካር፣ ቢበዛ ለንግሥ ነው። እዚህ ግን ሰው ያለምንም ጉዳይ ቤቱን ቆልፎ ይሄዳል፤ ሲመለስም ምን ሠርተህ መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባለቤቴ ፈቃድ አወጣች፣ እኔም አወጣሁ፣ ሄድን።

ከተማዋ ሚተንቫልድ ትባላለች። ከሙኒክ በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ባቡሩ መንገዱን ቢቀጥል ኦስትሪያ ይገባል። ጸጥ ያለች ከተማ ናት። እሑድ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፤ የሚሰማው የቤተ ክርስቲያን ደወልና የላም ቃጭል ብቻ ነው። አባባ ይሳቁ እንደሆነ ልንገርዎት፣ እንግዳ ለሚያድርበት ለእያንዳንዱ ሌሊት ለከተማዋ ቀረጥ ይከፍላል፤ ስለ አየሩ መሆኑ ነው። ቫዮሊን የሚሠሩባትም ከተማ ናት፤ ማቲያስ ክሎትስ የሚባል በ1653 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተወለደ ሰው ሙያውን አምጥቶ አስተማራቸው፣ እስከ ዛሬ ይኖሩበታል። እማዬን የሚገርማት ግን ቤቶቹ ናቸው። ቅዱሳኑን የሚስሉት በመኖሪያ ቤታቸው የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ማርያም ልጇን ታቅፋ ከዳቦ ቤት መስኮት በላይ ቆማለች። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ሥር ያሉትን መላእክት እያየሽ ለኖርሽው፣ ሥዕል ዝናብ ላይ መውጣቱ እንደማይዋጥልሽ አውቃለሁ።

ጾሙን አልሻርንም፤ እንደምትጠይቂኝ ስለማውቅ አስቀድሜ ልንገርሽ። የሄድነው በፍልሰታ ነው፣ አገሩ ደግሞ የሥጋና የአይብ አገር ነው። የተከራየነው ቤት ማብሰያ ስለነበረው ባለቤቴ ሽሮና በርበሬ በሻንጣ ይዛ ሄደች። የመጀመሪያው ማታ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታው ደረጃውን ሞላውና አከራይዋ፣ ሸምገል ያሉ ሴት፣ በሩን አንኳኩ። ሊቆጡን ነው ብለን ስንሳቀቅ ለካ ምን እንደሚበስል ለማየት ነው የመጡት። አስቀመጥናቸውና በእንጀራ ቀመሱ። ዓይናቸው እንባ አዘለ፤ በመሐረብ ጠራርገው እንደገና ቆረሱ።

እኒያ ሴትዮ ናቸው የነሐሴ 9ን ነገር ያሳዩን። በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 15፣ የማርያም ዕርገት የሚከበርበት ቀን ነው፤ እኛ ከሳምንት በኋላ በ16 የምናከብረው ማለት ነው። ያን ቀን ሴቶቹ የሜዳ አበባና የመድኃኒት ቅጠል በእቅፍ አስረው ቤተ ክርስቲያን ያስባርካሉ፤ ከዚያ ቤት ወስደው ይሰቅሉታል፣ ሰው ወይም ከብት ሲታመም ይጠቅማል ይላሉ። የሴትዮዋን እቅፍ ቀረብ ብዬ አየሁት። መሐሉ ላይ ረጅም ቢጫ አበባ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ነጭ አበባ፣ ከሥር ሽታው ጤና አዳምን የሚያስታውስ ቅጠል። አንቺ ብትሆኚ የእያንዳንዱን ስምና የምን መድኃኒት እንደሆነ ሳትጠይቂ አትለቂያቸውም ነበር። እኔ በጀርመንኛም በአማርኛም ስማቸውን ስለማላውቅ ዝም ብዬ አሸተትኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከከተማዋ አጠገብ ካርቨንደል የሚባል ተራራ አለ። በገመድ ላይ የሚሄድ ሳጥን ሰውን ጭኖ ገደሉን ሽቅብ ይወጣል፤ ዋጋው ርካሽ አይደለም። ላይ ስንደርስ ቋጥኝና አጭር ሣር ብቻ ነው፤ ዛፍ የሚባል የለም፣ ሰው ሁሉ ጃኬት ለብሷል። ሰሌዳው 2,244 ሜትር ይላል። ትልቁ ልጅ ሰሌዳውን አየና ጎንደር ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። ከ2,100 ሜትር በላይ ነው አልኩት። "አያቴ ታዲያ በየቀኑ ቡና የምታፈላው እዚህ ከፍታ ላይ ነው?" አለኝ። ነው። እሷ የምትኖርበት ከፍታ ላይ ለመድረስ ገንዘብ ከፍለን በገመድ ተንጠለጠልን። የእኛ አገር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ነው እንጂ ጎንደርም እዚህ ብትሆን ዛፍ አታበቅልም ነበር ብዬ አስረዳሁት።

አከራይዋ ማታ ልጆቹን "ከዚህ በፊት ተራራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" ብለው ጠየቋቸው። ደሜ ፈላ፤ በትሕትና ግን መለስኩ። የጀርመን ትልቁ ተራራ ሱግሽፒትሰ 2,962 ሜትር ነው። ደባርቅ፣ ሰው የሚሸምትባት፣ በግ የሚሸጥባት ከተማ፣ ራሷ ወደ 2,850 ሜትር ላይ ናት። ራስ ዳሽን ከ4,500 በላይ ነው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ካርታ አወጡ። በኋላ ግን አልጋ ላይ ሆኜ አሰብኩት፤ ለሴትዮዋ የፎከርኩበትን የስሜን ተራራ እኔም ሆንኩ ልጆቼ፣ እናንተም ጭምር፣ በወጉ አይተነው አናውቅም።

አባባ፣ እርስዎ አየሁት እንዳይሉኝ። ስንት ዓመት የጭነት መኪና ይዘው ሊማሊሞን ሲወጡና ሲወርዱ ያዩት መሪውንና ፍሬኑን ነው። ጣሊያን ገደሉን ቆርጦ የሠራውን ያን ጠመዝማዛ መንገድ አንድ ቀን እንኳ ከመኪና ወርደው ቆመው እንዳላዩት ራስዎ ነግረውኛል፤ "መቆም ሞት ነው" ይሉ ነበር። ዩኔስኮ በ1978 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለመጀመሪያ ጊዜ ቅርሶችን ሲመዘግብ ከ12ቱ አንዱ ስሜን ነው፤ ዋሊያ ከዚያ ሌላ በዓለም የትም የለም። ጀርመኖቹ ያን ለማየት ባሕር አቋርጠው ሲመጡ እኛ በደጃፉ እህል ጭነን አለፍን።

ስለዚህ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ የከርሞውን ጥቅምት ከልጆቹ ጋር መጥቼ ሁላችንም ደባርቅ እንሄዳለን። ሚኒባስ እንከራያለን፤ ሾፌሩ ሌላ ሰው ነው፣ አባባ ከኋላ በመስኮት በኩል ይቀመጣሉ፣ ለሾፌሩ ምክር መስጠት ክልክል ነው። ኮሶዬ ላይ ወርደን ቁልቁል እናያለን፣ አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ላይ ሻይ እንጠጣለን። እማዬ በጉልበቷ አታሳብብ፣ ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ከመኪናው ሳይርቁ ይታያሉ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ፣ በጉን እዚያው ደባርቅ እንገዛለን።

እህቴ፣ አንቺ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውንና የጥበቃውን ክፍያ፣ ንጹሕ አልጋ የት እንዳለም አጠያይቂልኝ። ገንዘቡን በአንቺ ስም በባንክ እልካለሁ። ያለፈው ለጉዞ የላክሁት ለጣሪያ ቆርቆሮ እንደሄደ አልረሳሁም፤ ይኼኛው ለቆርቆሮ አይደለም፣ ለዘመድ ሰርግም አይደለም። ለእማዬ ወፍራም ካልሲ፣ ለአባባ ጃኬት ከዚህ እገዛለሁ፤ የአባባን የትከሻ ልክ በሜትር ለክተሽ ላኪልኝ፣ እሱን ከጠየቅሽው ያለኝ ይበቃኛል ነው የሚልሽ።

ልጃችሁ
ከሙኒክ