ዋስትና ተፈቀደለት ካላችሁ በኋላስ?

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

«ፍርድ ቤቱ በዋስ እንዲለቀቅ አዘዘ» የሚል ዜና ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሰውየው እውነት ቤቱ ገባ?

ደርሶብኝ ነው የምጠይቀው። የእህቴ ልጅ ታስሮ ዋስትና ተፈቀደለት። ተሯሩጠን ገንዘቡን አስያዝን። የመፍቻ ትእዛዙን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። «ከበላይ አካል እስኪነገረን ጠብቁ» ተባልን። አራት ቀን በር ላይ ቆምን፤ የዳኛው ፊርማና የፍርድ ቤቱ ማኅተም እጃችን ላይ እያለ። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል እየተባልን ነው ያደግነው። እዚያ በር ላይ ግን የሚሰማን አላገኘንም።

ስለ ዳኝነት ነፃነት ሲወራ ክርክሩ የሚያተኩረው ዳኛ በማን ይሾም በሚለው ላይ ነው። ተገቢ ክርክር ነው። እኔ ግን 1993 ዓ.ም. ከአእምሮዬ አይወጣም። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይውጡ አሉ። ሰውየው ገና ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 239 በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና ተከለከለ። ያኔ እኔም «የእጃቸውን ነው ያገኙት» ብዬ ነበር። የሥርዓቱ ትልቅ ሰው ስለነበሩ አላዘንኩላቸውም። የዳኛዋ ትእዛዝ መጣሱ ከእኔ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የገባኝ ጣቢያ በር ላይ ስቆም ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመሩም ይላል። ዳኛው በነፃነት ቢወስንም ውሳኔው የሚፈጸመው ፖሊስ ሲፈልግ ብቻ ከሆነ ሥልጣኑ የፖሊስ ነው። እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። የምንጠላው ሰው ዋስ ሲፈቀድለት ፌስቡክ ላይ ዳኛውን በብሔሩ የምንሰድብ ብዙዎች ነን። ትእዛዙን ለሚጥሰው ሰው ልብ የምንሰጠው እኛው ነን።

የጣቢያ ኃላፊ ታስሮ ይቅረብ ብለው የሚያዙ ደፋር ዳኞች አሉ። ብቻቸውን ባይቀሩ ደስ ይለኛል።

እናንተን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ዋስትና ተፈቀደ ብላችሁ ከጻፋችሁ በማግሥቱ ጣቢያው ጋ ደውሉ። ካልተፈታ አልተፈታም ብላችሁ ጻፉ። በሦስተኛውም ቀን ጻፉ። ማን እንደከለከለም ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ