የወተት ጣዕም ፋብሪካ ሳይደርስ ነው የሚበላሸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አዲስ አበባ ውስጥ የላስቲክ ወተት የሚገዛ ሰው ሁለት ቅሬታ ይደጋግማል፤ «ጣዕም የለውም» እና «ሲፈላ ይቆራረጣል»። ጥፋቱ ሁሉ የሚወድቀው ፋብሪካው ላይ ነው። በወተት አሰባሰብና በጥራት ምርመራ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን፤ ፋብሪካው ከደሙ ንጹህ ነው አንልም። ሙቀት ግን ጀርም ይገድላል እንጂ የጠፋ ጣዕም አይመልስም። ያም ጣዕም ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ወተቱ ገና ከሱሉልታ፣ ከሰበታ ወይም ከፍቼ ሳይነሳ ነው።

አተላ፣ የቢራ ብቅል ተረፈ ምርት፣ ገፈራ (ታፍኖ የተብላላ እርጥብ መኖ)፣ የሽንኩርትና የጎመን ቅጠል ሽታቸው ከላሟ ሳንባና ጨጓራ በደሟ በኩል ወተቱ ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። መኖውን መከልከል አያስፈልግም። ላሟ ከታለበች በኋላ ይሰጣት፤ ከሚቀጥለው ማለቢያ ሰዓት በፊት ባሉት 4 ወይም 5 ሰዓታት ግን ድርቆሽና ፉርሽካ ይበቃታል። ወተቱ ጨው ጨው ካለ የጡት በሽታ ይጠርጠር፤ በሽታው የወተቱን ስኳር ቀንሶ ጨውን ይጨምራል። የወለደች ላም እንገርም ቢያንስ ለ5 ቀን ከሌላው ወተት መቀላቀል የለበትም፤ ለጥጃዋ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሰዓት ነው። ወተት ከላሟ ሲወጣ 38 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ ካልወረደ ባክቴሪያው ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጠዋል። የጤነኛ ወተት አሲድነት ከ0.14 እስከ 0.18 በመቶ ነው፤ ወደ 0.25 ሲጠጋ ምድጃ ላይ ይቆራረጣል። በፓስቸራይዜሽን፣ ማለትም ጀርሙን ለመግደል ወተቱን በማሞቅ፣ አሲዱ አይወጣም። እዚህ ላይ የቢጫ ጀሪካንን ነገር ሳናነሳ አናልፍም፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፣ ውስጡ ይጫጫራል፣ የትናንቱ ወተት ጭረቱ ውስጥ ተቀምጦ የዛሬውን ያኮመጥጣል። አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ዕቃ ዋጋው ከፍ ቢልም ቶሎ የሚካስ ወጪ ነው።

ማቀዝቀዝም ቢሆን ገደብ አለው። በሁዳዴ 55 ቀን ጠጪው ስለሚቀንስ ወተቱ ታንከር ውስጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሊያድር ይችላል። በቅዝቃዜም የሚባዙ ባክቴሪያዎች በዚያ ጊዜ ቅባትና ፕሮቲን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ያመነጫሉ። ባክቴሪያው በሙቀት ይሞታል፤ ኢንዛይሙ ግን ይተርፋል። የቅርብ ቀን የታተመበት ወተት የሚመርረውና የሚሰነፍጠው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ፋብሪካው እንምጣ። በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ የሞቀ ወተት ጣዕሙ ብዙም አይለወጥም። ከ75 ዲግሪ ሲያልፍ የተቀቀለ ጣዕም ይጀምራል፤ ፕሮቲኑ ድኝ ያላቸውን ውህዶች ስለሚለቅ ነው። በካርቶን የሚሸጠው ረጅም ዕድሜ ያለው ወተት ደግሞ ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንድ ስለሚሞቅ ያ ጣዕም ይጎላበታል። ስልባቦት የጠፋው ቅባቱ ተሰርቆ ነው የሚባለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ሆሞጂናይዘር የሚባለው የፋብሪካ መሣሪያ የቅባቱን እንክብሎች ከ1 ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) በታች ስለሚያደቃቸው ወደ ላይ አይሰፍሩም። የአገር ላም ወተት ቅባቱ ብዙ ጊዜ ከ5 በመቶ አይወርድም፤ የሆልስታይን ዲቃላዎቹ ከ3.5 እስከ 4 አካባቢ ነው። የልጅነቱን ወተት ጣዕም የሚያስታውስ ሰው ልዩነቱ እዚህም ላይ መሆኑን ይወቅ።

ወተት ቤቶችና ሱቆችም ድርሻ አላቸው። ስስ ላስቲክ ውስጥ ያለ ወተት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው በውስጡ ያለው ቫይታሚን ቢ2 ብርሃኑን ተቀብሎ ጣዕሙን የተቃጠለ ላባ ያስመስለዋል። የላስቲክ ወተት ከፍሪጅ ውጭ መደርደር የለበትም። ፓስቸራይዝድ የሆነውን ቤት ወስዶ ደጋግሞ ማፍላትም የተቀቀለውን ጣዕም ያባብሰዋል። ከላም ባለቤት በቀጥታ የሚገዛው ጥሬ ወተት ግን ሳይፈላ አይጠጣ፤ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉት ብሩሴላ የሚባለው ጀርምና የሳንባ ነቀርሳ በጣዕም አይታወቁም።

ዋናው ጥያቄያችን ስለ ክፍያ ነው። ወተት በሊትር እስከተገዛ ድረስ ውኃ መጨመር ያዋጣል። የወተት ጥግግት የሚለካው ላክቶሜትር ብቻውን ይህን አይደርስበትም፤ ስልባቦቱ ሲገፈፍ የወተቱ ጥግግት ይጨምራል፣ ውኃ ሲገባ ይቀንሳል፣ ሁለቱ ሲደረጉ ንባቡ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ መሰብሰቢያ ጣቢያዎች ቅባቱንም ይለኩ፤ ከእያንዳንዱ ዕቃ እኩል ወተትና አልኮል ቀላቅለው የሚቆራረጠውን ይመልሱ፤ ቅባቱ ላልጎደለና ቀዝቅዞ ለመጣ ወተት ብልጫ ያለው ዋጋ ይክፈሉ። ፋብሪካዎች ደግሞ ላስቲኩ ላይ ከታሸገበት ቀን ጎን ወተቱ የተሰበሰበበትን ቀን ያትሙ። ገዢው ሁለቱን ቀኖች አስተያይቶ ይምረጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
የወተት ጥራት ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ