ወረቀቱ ሲጓተት አቮካዶው ይበስላል

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የጉምሩክ ወረቀት በእጅ መሙላት የወይን ጠጅ ላኪዎችን ስለሚያስወጣቸው ገንዘብ የጻፋችሁትን አነበብኩ፤ በባሕር ዳር በኩል ያለውን ልጨምርበት። ወይን ጠጅ ሰነዱ ቢጓተት ጠርሙሱ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ባሕር ዳር አቅራቢያ መራዊ ካለው የቆጋ መስኖ የሚነሳው ሐስ የተባለው የአቮካዶ ዝርያ ግን አንዴ ከተቆረጠ መብሰሉን አይተውም፤ 5 ዲግሪ አካባቢ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል እንጂ።

ባለ 40 ጫማ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር በ20 ፓሌት (ካርቶን የሚደረደርበት መደብ) 5,280 ባለ 4 ኪሎ ካርቶን ይጭናል፤ ፍሬው ብቻ 21 ቶን ከ120 ኪሎ ይሆናል። ኢንቮይሱ (የሽያጭ ሰነዱ)፣ ፓኪንግ ሊስቱ (የጭነት ዝርዝሩ)፣ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬቱ፣ ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው መግለጫ) ይህንኑ ቁጥር ይደጋግሙታል። ነገር የሚበላሸው ከአንዱ ወደ ሌላው በእጅ ሲገለበጥ ነው። አንዱ የተጣራውን ክብደት ይጽፋል፣ ሌላው ካርቶንና ፓሌቱን ደምሮ ጠቅላላውን፤ ሁለቱ ሲመሳከሩ ‹‹ልዩነት አለ›› ተብሎ ጭነቱ ይቆማል።

ቀኑ ደግሞ ይብሳል። በእኛ አቆጣጠር 5/5/2017 ማለት ጥር 5 ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 13 ቀን 2025። የኔዘርላንድ ወደብ ሮተርዳም ያለው ሠራተኛ ግን ሜይ 5 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። የኮንቴይነር ቁጥር 4 ፊደልና 7 አኃዝ ሲሆን የመጨረሻዋ አኃዝ ከቀሪዎቹ ተሰልታ የምትገኝ ማረጋገጫ ናት። አንዷ አኃዝ ተሳስታ ብትገለበጥ ኮምፒውተር እዚያው ይይዘዋል፤ እስክሪብቶ ምን አውቆ!

የአውሮፓ ኅብረት የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬቱ ጭነቱ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ባሉት 14 ቀናት ውስጥ የተሰጠ እንዲሆን ያስገድዳል። አንድ ፊደል ለማሳረም የሚሄደው ቀን ሁሉ ከዚያ ላይ የሚቀነስ ነው፤ ካለፈም ሌላ ሰርተፊኬት ማውጣት የግድ ነው። እስከዚያው የማቀዝቀዣው ጄኔሬተር ናፍጣ ይጠጣል፣ የኮንቴይነሩ ኪራይም ይቆጥራል። ላኪዎች የሚያማርሩት የትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ክፍያ ከዚህ አንፃር ትንሹ ነው ባይ ነኝ።

የንግድ ሰነዶች በአንድ ቦታ በኢንተርኔት የሚቀርቡበት የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። መስኮቱ ግን በወረቀት ላይ የተሳሳተውን ተቀብሎ ከማሳለፍ ሌላ ምን ያደርጋል? መራዊ ላይ ፓሌቱ ሲመዘን የተመዘገበው ቁጥር በቀጥታ ወደ ሁሉም ሰነድ ይግባ፣ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይታተም። ፍተሻውና የኮንቴይነሩ መታሸግ እዚሁ ይጠናቀቅ፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ በሩ እንደገና በተከፈተ ቁጥር የሚገባውን ሙቀት ማስወጣት ሰዓታት ይፈጃል።

የወጪ ንግድ ሰነድ ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር