ስለ ለጋ የአጋዘን ቀንድ የስቴሮይድ ምርመራ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ናሙና ስትልኩልን ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን «ስቴሮይድ አለው ወይስ የለውም?» ብላችሁ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም። ውጤቱን ለምን በዝርዝር እንደምንጽፍላችሁ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ለጋ ቀንድ የምንለው ገና በማደግ ላይ ያለውን፣ ደም የሚዘዋወርበትንና ፀጉራም ቆዳ የለበሰውን ቀንድ ነው። ሕይወት ያለው አካል ስለሆነ ስቴሮይድ፣ ማለትም በስብ የሚሟሙ የአንድ ወገን ውህዶች፣ አይጠፋበትም። ኮሌስትሮልም እኮ ከስቴሮይድ ወገን ነው። እናንተ የምትጨነቁት ግን ስለ ሆርሞኖቹ ነው፤ በተለይ ስለ ወንዴው ሆርሞን ስለ ቴስቶስቴሮን። ቀንዱ ለጋ ሆኖ በሚያድግበት ወቅት የወንዱ አጋዘን ቴስቶስቴሮን ዝቅተኛ ነው። ከፍ ማለት ሲጀምር ቀንዱ ይጠነክራል፣ ቆዳውም ይገፈፋል። የተኮላሸ አጋዘንማ ቀንዱ ቆዳውን እንደለበሰ ይቀራል። ስለዚህ ቴስቶስቴሮን በብዛት ካገኘን ደስ አይለንም። ቀንዱ ዘግይቶ ተቆርጦ ይሆን? የተጨመረበት ነገር ይኖር ይሆን? ብለን እንጠይቃለን።

የምንፈልገው መጠን በናኖግራም የሚለካ ነው፤ የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ማለት ነው። ናሙናውን አቀዝቅዘን እናደርቃለን፣ እንፈጫለን፣ ሆርሞኖቹን በሟሚ ፈሳሽ እናወጣለን። አስቸጋሪው ስቡ ነው። ስቴሮይዶችም በስብ ስለሚሟሙ አብረው ይወጣሉ፤ ስቡ በደንብ ካልተወገደ ደግሞ ልኬቱን ያዛባል። በመንገድ ላይ የሚባክነውን ለማወቅ፣ ገና ከመነሻው መጠኑን የምናውቀው፣ በከባድ ሃይድሮጅን የተሠራና በክብደቱ ከናሙናው የሚለይ ቴስቶስቴሮን እንጨምራለን። እሱ የጎደለውን ያህል የናሙናው ቴስቶስቴሮንም ስለሚጎድል ሂሳቡን በዚያ እናስተካክላለን።

ከዚያ ተራው የማስ ስፔክትሮሜትር ነው። ይህ መሣሪያ ሞለኪውሎችን በክብደት ይለያል። ታዲያ ቴስቶስቴሮንና እሱን የሚመስሉት ሁለት ስቴሮይዶች፣ ኤፒቴስቶስቴሮንና ዲኤችኢኤ፣ ሦስቱም የሞለኪውል ክብደታቸው 288 ነው! ስለዚህ መጀመሪያ በክሮማቶግራፊ፣ ማለትም ውህዶች በተለያየ ፍጥነት እንዲያልፉ በሚያደርግ ዘዴ፣ እንለያያቸዋለን። በፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ርካሽ ነው፣ እናውቃለን። ነገር ግን ተመሳሳይ ሞለኪውሎችን አንድ ላይ ሊቆጥር ስለሚችል ለዚህ ሥራ የመጨረሻ ውጤት አድርገን አንሰጠውም።

ውጤቱን ስታነቡ «አልተገኘም» ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። መሣሪያችን ሊለየው ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው፤ ያንን ዝቅተኛ ልክ ከጎኑ እንጽፋለን። ቁጥሩ የሚሰላው በደረቅ ክብደት ስለሆነ ከእርጥብ ናሙና ውጤት ጋር አታወዳድሩት። የቀንዱ ጫፍና ሥሩም አንድ አይደሉም። የጫፉን ውጤት በሙሉው ቀንድ ላይ እንዳትለጥፉብን እንለምናችኋለን።

ለስፖርተኞች ለምትሸጡ ደግሞ አንድ ነገር በጥብቅ እንንገራችሁ። በለጋ ቀንድ ውስጥ የሚገኘው አይጂኤፍ-1 የሚባል የእድገት ንጥረ ነገር ፕሮቲን እንጂ ስቴሮይድ አይደለም፤ ይህ ምርመራ አያየውም። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ግን ይከለክለዋል። የእኛን ወረቀት ምርቱ ከተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ነፃ ለመሆኑ ማረጋገጫ አድርጋችሁ አታቅርቡት።

ከሚቀጥለው ናሙና ጋር ቀንዱ የተቆረጠበትን ቀንና ከየትኛው ክፍሉ እንደተወሰደ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የላቦራቶሪው ባልደረቦች