አካውንታችሁ ሁለት ለሆነባችሁ አባላት

ሰላም፣ ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ ወገኖች።

የቡድናችን ዝርዝር ላይ አንድ ሰው ሁለቴ እየታየ ነው። ቦይንክ (ኮምፒውተራችንን ለሳይንስ ስሌት የሚያውለው ፕሮግራም) ሰውን የሚለየው በስም ሳይሆን በኢሜይል ነው። ቤት ባለው ላፕቶፕ በአንድ ኢሜይል፣ ሱቅ ባለው ደግሞ በሌላ ከተመዘገባችሁ፣ ለአይንስታይን አት ሆም (ለምናሰላለት የሥነ ፈለክ ፕሮጀክት) ሁለት ሰው ናችሁ።

ሁለት አካውንት ማዋሃድ አይቻልም። በሚተወው ላይ ለስሌታችሁ የተሰጣችሁና የተጠራቀመው ነጥብ እዚያው ይቀራል። አብሽሩ፣ ስሌቱ ለሳይንሱ ገቢ ሆኗል።

መጀመሪያ ይዛችሁ የምትቀጥሉበትን አካውንት ምረጡ። ነጥብ ከበዛበት ይልቅ የይለፍ ቃሉን የምታስታውሱትን ብትይዙ ይሻላል። ከዚያ በሚተወው አካውንት በሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ፕሮጀክቱ አዲስ ሥራ እንዳይቀበል አድርጉ። በእጁ ያለውን ጨርሶ ውጤቱን እስኪልክ ጠብቁ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ መሥራቱን ስለሚያቆም (ማስተካከያውን ካልነካካችሁት ማለቴ ነው) ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ቢሆንም አትቸኩሉ፤ ሳይጨርስ ካስወገዳችሁት የጀመረው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ከላከ በኋላ ፕሮጀክቱን አስወግዱና በመረጣችሁት ኢሜይል መልሳችሁ ጨምሩት።

ሮዜታ አት ሆም (ፕሮቲን የሚያጠናው ሌላው የቦይንክ ፕሮጀክት) ላይም ያው ኢሜይል ይሁን። የየፕሮጀክቱ ነጥብ ባንድ ሰው ስም የሚደመረው በእሱ ነው።

ፎርማት ተደርጎ ሁለት ሆኖ የታየ ኮምፒውተር ግን ቀላል ነው፤ አካውንታችሁ ውስጥ ከኮምፒውተሮቹ ዝርዝር ላይ አዋህዱት።

ግራ የገባው ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ። ቻርጀር አትርሱ።